የቱን ግራፊክስ ካርድ እንግዛ? ለመካከለኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር፣ ከጎንደር ሆኖ ሲታይ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ይቺን ያህል ብር አለችኝ፤ የቱን ካርድ ልግዛ?» ከዚያ ዩቲዩብ ይከፈታል። አሥር ካርድ በሰንጠረዥ ተደርድሮ ይመጣል፤ ከላይ ያለው ይመረጣል። ሰንጠረዡ ውሸት የለበትም። ግን የተሠራው ካርዱ ካልተስማማው በሳምንቱ መልሶ ገንዘቡን ለሚቀበል ሰው ነው። ፒያሳ ላይ የተገዛ ዩዝድ ካርድ ከሱቁ ከወጣ ወጣ ነው። መብራቱም የራሱ ጠባይ አለው።

ስለዚህ እዚህ ጎንደር ካርድ ስንመርጥ «ስንት ፍሬም (በሰከንድ ስንት ምስል) ይሰጣል?» የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ ይሁን። አንደኛው «ስንት ዋት ይበላል?» ነው። ሁለተኛው «ከመክፈሌ በፊት አስነስቼ ላየው እችላለሁ ወይ?» ነው።

መካከለኛ በጀት ስል፣ በወጣበት ጊዜ ከ250 እስከ 330 ዶላር ይሸጥ የነበረ ካርድ ማለቴ ነው። የብር ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በሚቀጥለው ወር ያስቃል።

ለቸኮለ ሰው ሐሳቤን ላስቀድም። ዩዝድ የምትገዙ ከሆነ የኤኤምዲውን አርኤክስ 6600 ፈልጉ። ከጌም ሌላ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም ብሌንደር (የ3ዲ ሥራ ሶፍትዌር) የምትሠሩ ከሆነ የኤንቪዲያውን አርቲኤክስ 3060፣ ያውም ባለ 12 ጊጋባይት ሜሞሪውን። ከውጭ አዲስ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ አርቲኤክስ 4060 ወይም ተተኪው 5060። ሌላው ሁሉ ቅድመ ሁኔታ አለበት።

ከካርዱ በፊት ያለው ጣጣ

በከተማው ኮምፒውተር ቤቶች የምናገኘው ሞኒተር አብዛኛው ከቢሮ የወጣ ዩዝድ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። 60 ኸርዝ ነው። ሪሶሉሽኑ ቢበዛ 1920 በ1080 ነው፤ ከዚያ የሚያንስም ሞልቷል። እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ 140 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ መግዛት ብር መበተን ነው። ሞኒተሩ በሰከንድ ከ60 በላይ አያሳያችሁም። የሞኒተሩን ጀርባም እዩ። አዳዲሶቹ ካርዶች ያቺ ሰማያዊ የቪጂኤ ሶኬት የላቸውም፤ ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ብቻ ነው ያላቸው። ሞኒተራችሁ ከቪጂኤ ሌላ ከሌለው መቀየሪያ ጨምሩበት።

ትልቁ ጣጣ ግን ኬዙ ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከቢሮ በወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ለጀማሪም አይከፋም። ነገር ግን የእነዚህ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ240 እስከ 290 ዋት ነው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም። «ታዲያ ፓወር ሰፕላዩን እቀይራለሁ» ካላችሁ ደግሞ፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት ከተለመደው በተለየ ሶኬት ነው። ጠፍጣፋው ኬዝ ከሆነ መደበኛ ቁመት ያለው ካርድ ራሱ አይገባም።

እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ካላችሁ ምርጫው ወደ ሁለት ይወርዳል። አንዱ ጂቲኤክስ 1650 ነው፤ 75 ዋት፣ 4 ጊጋባይት። ሌላው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ነው፤ 70 ዋት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ስለሚሰጥ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቁም። 1650 ሲገዛ ግን ዓይን ያስፈልጋል፤ ባለ 6 ፒን ሶኬት ያላቸው ዓይነቶችም አሉት። 3050ም ሁለት ዓይነት ነው። ባለ 8 ጊጋባይቱ 130 ዋት ይፈልጋል፤ በቢሮ ኬዝ ውስጥ አይሆንም። ለጠፍጣፋው ኬዝ ከሆነ ደግሞ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን አጭሩን ጠይቁ። ኳስ፣ ካውንተር ስትራይክ፣ ቫሎራንት፣ ጂቲኤ 5 ለሚጫወት ሰው 3050ው ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ሰው ግን ኬዙን ለጥናት ትቶ ከዜሮ መገጣጠም ይሻላል።

ከዜሮ ለሚጀምር አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ። በገበያችን ላዩ ላይ 500 ዋት የተጻፈበት ሁሉ 500 ዋት አይሰጥም። ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ሰንጠረዥ አንብቡ። የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፔር ይላል? 20 አምፔር ካለ፣ 20 በ12 ሲባዛ 240 ዋት ነው። ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚበሉት በዋናነት ከዚህ መስመር ነው። ከኋላው ቀይ የ115 እና የ230 ቮልት መቀየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩት። 115 ላይ ሆኖ በእኛ መብራት ከተሰካ ጧ ብሎ ያበቃለታል።

ሦስቱ ዋና ተፎካካሪዎች

አርኤክስ 6600 የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ነው። 8 ጊጋባይት ቪራም (የካርዱ የራሱ ሜሞሪ) አለው፤ የሚበላው 132 ዋት ነው። በ1080 ሪሶሉሽን አብዛኛውን ጌም በከፍተኛ ሴቲንግ ከ60 ፍሬም በላይ ያጫውታል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ አይደለም። አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ ይበቃዋል፤ ብዙ አይሞቅም፤ መካከለኛ ፓወር ሰፕላይም ይሸከመዋል። የኤኤምዲ ስለሆነ ደግሞ ብዙ ሰው አይሻማበትም። የእኛ ሰው ግራፊክስ ካርድ ሲባል ኤንቪዲያን ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሻጩ 3060ን ሲያንቀባርር 6600 ላይ ለድርድር ልቡ ክፍት ነው።

ድክመቱስ? ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን መንገድ እየተከተለ ጥላና ነጸብራቅ የሚሠራው) ሲበራ ትንፋሹ ያጥራል። የኤንቪዲያን ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን በዝቅተኛ ሪሶሉሽን ሠርቶ በማሳደግ ፍሬም የሚጨምረውን) አይጠቀምም፤ በኤኤምዲው አቻ በኤፍኤስአር መብቃቃት ነው። በ1080 ላይ ኤፍኤስአር ምስሉን አንዳንዴ ያደበዝዘዋል፤ በተለይ ሣርና ፀጉር ላይ ይታወቃል። ቪዲዮ ለሚቀዳና ላይቭ ለሚያስተላልፍም የኤንቪዲያ ይሻላል።

አርቲኤክስ 3060 ከእሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ወጣ፤ 170 ዋት ይበላል፤ 12 ጊጋባይት ቪራም አለው። በተራ ጌም ከ6600 ጋር ያለው ልዩነት በዓይን አይለይም። ሬይ ትሬሲንግና ዲኤልኤስኤስ ሲጨመሩበት ግን ይቀድማል። ማራኪ ወይም ቴዎድሮስ ካምፓስ የምትማሩ ልጆች፣ ቀን በብሌንደር ወይም በቪዲዮ ኤዲቲንግ የምትሠሩበት፣ ማታ የምትጫወቱበት አንድ ኮምፒውተር ከሆነ የምታስቡት፣ ይሄ ካርድ ዋጋውን ይመልሳል። ብዙ የሥራ ሶፍትዌር የኤንቪዲያን ኩዳ (ካርዱን ለስሌት ሥራ የሚያውለውን) ይወዳል። የማሽን ለርኒንግ ሙከራ ለምትሠሩም 12ቱ ጊጋባይት ከፍጥነት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ኤንቪዲያ 3060 የሚል ስም ያለው ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ አወጣ። ስሙ አንድ ነው፤ ካርዱ ግን ደከም ያለ ነው። የተቀነሰው ሜሞሪ ብቻ ሳይሆን የሜሞሪው መንገድም ጭምር ነው፤ ከ192 ቢት ወደ 128 ወርዷል። ቴሌግራም ላይ «3060 ክሊን፣ ያልተነካ» ተብሎ ሲለጠፍ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ባለ ስንት ጊጋ ነው?» ይሁን። 6 ጊጋባይት ካሏችሁ ደግሞ ቻይና ውስጥ የላፕቶፕ ቺፕ ተነቅሎ በዴስክቶፕ ካርድ ላይ የተበየደ ነው። አትንኩት ባልልም፣ በ12ቱ ዋጋ አትግዙት።

አርቲኤክስ 4060 እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በ299 ዶላር ወጣ። ከ3060 ወደ 20 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። የሚበላው 115 ዋት ብቻ ነው። ለጎንደር መብራት ከሦስቱ ይሄን የሚያህል የለም። ሜሞሪው ግን ወደ 8 ጊጋባይት ወርዷል፤ ይሄ ብዙ ሰው ያናደደ ጉዳይ ነው። ተተኪው 5060 እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በዚያው በ299 ዶላር መጥቷል፤ ፈጠን ይላል፣ 145 ዋት ይበላል፣ እሱም 8 ጊጋባይት ነው። ሁለቱም የሚያዋጡት ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው በሻንጣው ሲይዛቸው ነው። እዚህ ተገዝተው ከሆነ፣ ዩዝድ 6600 ካለው ዋጋ ጋር አስተያዩትና ልዩነቱ ኤስኤስዲና ራም የሚገዛ ከሆነ ወደ 6600 ተመለሱ።

ስለ 8 ጊጋባይት ብዙ ይጮሃል። ጩኸቱ እውነት አለው፤ ግን ከእኛ ሞኒተር ጋር መታየት አለበት። በ1080 ላይ ቪራም ሲሞላ ቴክስቸር የሚለውን ሴቲንግ ከአልትራ ወደ ሃይ ዝቅ ማድረግ ነው፤ አብዛኛው ጌም ላይ ልዩነቱ አይታይም። 1440 ሞኒተር ያለው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ለእሱ 12 ጊጋባይት መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የወጣው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋባይቱ በወጣበት ጊዜ 349 ዶላር ስለነበር ከበጀታችን ትንሽ ከፍ ይላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መጨመር ያዋጣል።

«ይሄስ?» ተብለው የሚጠየቁት

የኢንቴል አርክ ቢ580 በወረቀት ላይ ሁሉንም ያስንቃል። 12 ጊጋባይት በ249 ዶላር፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ሪሳይዘብል ባር የሚባለው ነገር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርገው) ማዘርቦርዱ ላይ መኖርና በሴቲንግ መከፈት አለበት፤ ያ ደግሞ ከኢንቴል 10ኛ ትውልድ ወይም ከራይዘን 3000 ጀምሮ ነው። ከደከመ ፕሮሰሰር ጋር ሲሆንም ፍጥነቱ ይወርዳል። በአሮጌ አራተኛ ትውልድ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ «ኢንቴል ሸወደኝ» ማለት አይቻልም። 190 ዋት መብላቱም ይታሰብበት።

አርኤክስ 580 በየሱቁ አለ። ርካሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሆኖ እስከ 185 ዋት ይበላል፤ ከ6600 በላይ መብራት እየበላ በፍጥነት ግን ከእሱ ብዙ ወደ ኋላ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ እውነተኛው 580 አይደለም። ከቻይና የመጣው 2048 ኤስፒ የሚባለው በአቅሙ 570 ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጂቲኤክስ 1060 እና 1070 የምትፈልጉም አላችሁ። ተዉት። ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ማውጣት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 እንደሚያበቃ አስታውቋል፤ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው የቀረው። 1660 ሱፐር ከእነሱ ቀጥሎ የመጣ ትውልድ ስለሆነ ገና አለ። 125 ዋት ይበላል፤ ባለ 6 ጊጋባይት ነው። በጣም ከረከሰ ይገዛል። ሬይ ትሬሲንግ የሚሠራበት ክፍል ግን የለውም። እንደ ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ያሉ፣ ያለ ሬይ ትሬሲንግ የማይነሱ ጌሞች መጥተዋል፤ 1660 እና 580 እነዚህን አይከፍቱም፤ 6600 ግን ይከፍታል።

አርኤክስ 6500 ኤክስቲ? 4 ጊጋባይት ነው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረውም በአራት መስመር ብቻ ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 (የካርድ ማስገቢያው የቀድሞ ትውልድ) ባለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ጉልህ ፍጥነት ያጣል። ቪዲዮ የሚቀዳበት ክፍልም የለውም። ይታለፍ።

መብራቱ፣ ከፍታውና አቧራው

እዚህ ላይ ነው የውጭ ንጽጽር የማይረዳን። ከተማው ውስጥ በብዛት የሚሸጠው 650 ቪኤ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ኮር አይ5 12400ኤፍ ፕሮሰሰር በሙሉ ኃይሉ 117 ዋት ሊደርስ ይችላል። አርኤክስ 6600 ሲጨመር 249። ማዘርቦርዱ፣ ፋኑ፣ ዲስኩና ሞኒተሩ ተደምረው 300 አካባቢ ይገባሉ። ዩፒኤሱ ይችለዋል። መብራት ሲሄድ ጌሙን ሴቭ አድርጋችሁ በእርጋታ ታጠፋላችሁ። በ4060 ደግሞ የበለጠ ይላላል። በአርክ ቢ580 ወይም በአርኤክስ 580 ግን ጫፉ ላይ ትደርሳላችሁ፤ መብራቱ በሄደበት ቅጽበት ዩፒኤሱ ጮሆ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ትልቅ ዩፒኤስ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው፤ የካርዱ ርካሽነት እዚያ ላይ አለቀ ማለት ነው።

መብራት ከሄደ በኋላ ሲመለስ የመጀመሪያዋ ደቂቃ አታስቸኩል። ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከሌላችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ ጠብቁ። ለካርዱም ለፓወር ሰፕላዩም ዕድሜ ነው።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። ስለዚህ ውጭ አገር 70 ዲግሪ ሲሠራ የታየ ካርድ እዚህ ጥቂት ዲግሪ ቢጨምር አትደንግጡ። ከዚህ የተነሳ ባለ አንድ ፋን አጫጭር ካርዶችን ብዙ አልወድም። ባለ ሁለት ፋኑን ምረጡ። ከኬዙ ፊት አንድ አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ፋን ይኑር።

አቧራው በበጋ ነው የሚብሰው። ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጡ። የፊቱን ወንፊት በሁለት ሳምንት አንዴ በብሩሽ ጥረጉ። የካርዱን ፋን በአየር ስትነፉ ግን በጣታችሁ ያዙት፤ በነፋስ ኃይል ከልክ በላይ ሲሽከረከር ይበላሻል።

ዩዝድ ካርድ ሲፈተሽ

ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲያቆም፣ ቀን ከሌት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ወደ ዓለም ገበያ ጎርፈዋል። ወደ እኛም የሚመጣው ከዚያው ገበያ ነው። «ማይኒንግ የተሠራበት» መሆኑ ብቻውን ካርዱን አይጥለውም። የሚደክሙት ፋኑና የሙቀት ማስተላለፊያው ቅባት ናቸው፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። ቺፑ የተነካካ ከሆነ ግን አይድንም።

ሱቅ ስትሄዱ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ጂፒዩ-ዚ (የካርዱን ማንነት የሚያሳይ) እና ፈርማርክ (ካርዱን በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራ) የተባሉትን ሁለት ትንንሽ ሶፍትዌሮች አስቀድማችሁ ጫኑበት። ድራይቨሩንም ቀድማችሁ ቤት አውርዱ፤ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ሱቅ ላይ በሞባይል ዳታ ማውረድ አይጀመርም።

ካርዱን ከማሰካታችሁ በፊት በእጃችሁ ያዙት። ፋኖቹን በጣት ገፋ አድርጉ፤ ከዳር እስከ ዳር ከተወዛወዙ ወይም ኮረኮረ ካሉ ቅናሽ ጠይቁ። ከኋላ ያሉትን ብሎኖች እዩ፤ ጥርሳቸው ከተበላ ተከፍቷል። መከፈቱ ወንጀል አይደለም፣ ግን «ያልተነካ ነው» ያለውን ሻጭ ትጠይቁበታላችሁ። ባለ 8 ፒኑን ሶኬት ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ወይም ከቀለጠ እዚያው መልሱ። የተቃጠለ ሽታ ያለው ካርድም እንደዚያው።

ከተነሳ በኋላ ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። ትክክለኛው 6600 የሼደሮቹ (የቺፑ ትንንሽ አስሊዎች) ቁጥር 1792 ነው። 4060 ከሆነ 3072። 3060 ባለ 12 ከሆነ 3584፣ የሜሞሪው መንገድም 192 ቢት። 3840 ካያችሁ ያ የላፕቶፑ ቺፕ ነው። ስሙ በሶፍትዌር የተቀየረ የኤንቪዲያ ካርድ ሲያጋጥመው ፕሮግራሙ ራሱ ከስሙ ፊት ፌክ ብሎ ይጽፋል።

ቀጥሎ ፈርማርክን 15 ደቂቃ አሠሩት። ሻጩ «ኧረ ወንድሜ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል» ይላል። አይበቃም። ሲሞቅ ነው ችግሩ የሚወጣው። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ፣ መስመር ወይም ብልጭታ ከታየ ሜሞሪው ወይም ቺፑ ታሟል፤ ዋጋው ምንም ቢሆን ተዉት። ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ከቆመ ደህና ነው። ሆትስፖት (የቺፑ በጣም የሚሞቀው ቦታ) የሚለው ቁጥር ከዋናው ሙቀት በ30 ዲግሪ ከራቀ ቅባቱ ደርቋል፤ ይስተካከላል፣ ግን የማስተካከያውን ከዋጋው አስቀንሱ። ለመፈተን ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ጋር ክርክር አያስፈልግም። «እሺ፣ እመለሳለሁ» ብሎ መውጣት ነው።

ካርዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የሚያመጣላችሁ ሰው ራሱ ይህን ፈተና የሚያደርግ ይሁን፤ ካልቻለ ሲፈተን በቪዲዮ ይቅረጸው። 700 ኪሎ ሜትር አልፎ የመጣን ካርድ መመለስ ቀልድ ነው። ሙሉ ኮምፒውተር ተገጣጥሞ የሚጓዝ ከሆነ ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይታሸግ። በመኪና ንዝረት ክብደቱ ማስገቢያውን ይሰብረዋል።

ቤት ደርሶ ሲሰካ የሞኒተሩ ገመድ ከካርዱ ሶኬት ጋር ይገናኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ቀረብ ስለሚል ብዙ ሰው እዚያ ይሰካና «ካርዱ አይሠራም» ብሎ ሻጩ ጋ ይደውላል።